ለኤችፒ ዜድ620 ሁለተኛ ፕሮሰሰር፦ ከምርመራ እስከ ማስነሳት

ኤችፒ እ.ኤ.አ. በ2012 ዜድ420፣ ዜድ620 እና ዜድ820 የተባሉ ሦስት ወርክስቴሽኖችን አወጣ። ትንሹ አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ይይዛል። ትልቁ ሁለቱም ሶኬቶች ማዘርቦርዱ ላይ ተሠርተውለታል። መካከለኛው ዜድ620 ግን በሌላ መንገድ ነው የተሠራው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ሶኬት አንድ ነው፤ ሁለተኛው ፕሮሰሰር የሚቀመጠው ራይዘር በሚባል ራሱን በቻለ ቦርድ ላይ ሲሆን፣ ይህ ቦርድ የራሱ ማቀዝቀዣና የራሱ አራት የራም ማስገቢያዎች አሉት። ስለዚህ ድሮ በአንድ ፕሮሰሰር የተገዛ ዜድ620 ራይዘሩ እስከተገኘ ድረስ ዛሬም ወደ ሁለት ማደግ ይችላል።

ይህን ማሽን የመረጥኩት ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ ከባድ ሥራ ለሚሠራ ሰው፣ የሕንፃ ሥዕል ሬንደር ለሚያደርግ ወይም የሰርግ ቪዲዮ ለሚያቀነባብር፣ በእውነት የሚጠቅም ስለሆነ ነው። ቀድሞ መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ። ኮር አይ5 ወይም ኮር አይ7 የተገጠመለት ተራ ዴስክቶፕ ሁለተኛ ፕሮሰሰር አይቀበልም። የቱንም ያህል ብር ብታወጡ ሁለት ፕሮሰሰሮችን የሚያገናኝ መስመር በውስጡ የለም። ሁለት ፕሮሰሰር የሚይዙት ለዚያ ተብለው የተሠሩ ወርክስቴሽኖችና ሰርቨሮች ናቸው፤ ከዜድ620 ሌላ የኤችፒ ዜድ600 እና ዜድ800፣ እንዲሁም የዴል ፕሪሲዥን ቲ5500 እና ቲ5600 ይጠቀሳሉ። ከዚህ በታች ያለው የአሠራር ቅደም ተከተል ለእነሱም በአብዛኛው ያገለግላል፤ ቁጥሮቹ ግን የዜድ620 ብቻ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ሥራችሁ የሚከፋፈል መሆኑን አረጋግጡ

ከሁሉም ደረጃዎች ብርን የሚያድነው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ዘሎት ያልፋል። ሁለተኛ ፕሮሰሰር የኮምፒውተሩን ፍጥነት በእጥፍ አያሳድግም። የሚያሳድገው ለብዙ ሠራተኞች ሊከፋፈል የሚችለውን ሥራ ብቻ ነው። የኮምፒውተር መሐንዲሱ ጂን አምዳል በ1967 ያቀረበው ሐሳብ ዛሬም ይሠራል። በአንድ ፕሮሰሰር 60 ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ አለ እንበል። ግማሹ ብቻ የሚከፋፈል ከሆነ፣ የማይከፋፈለው 30 ደቂቃ እንዳለ ይቀራል፣ ሌላው 30 ወደ 15 ይወርዳል፣ በድምሩ 45 ደቂቃ ይሆናል። ከመቶ 95 የሚሆነው የሚከፋፈል ከሆነ ግን ያው ሥራ በ31 ደቂቃ ተኩል ያልቃል። የምታወጡት ብር በሁለቱም ሁኔታ እኩል ነው።

በተግባር ምን ማለት ነው? በብሌንደር ሳይክልስ፣ በኮሮና ወይም በቪሬይ በፕሮሰሰር ሬንደር የምታደርጉ ከሆነ ሥራው እጅግ በሚገባ ይከፋፈላል። ቪዲዮ መጭመቅ፣ ትልልቅ ፕሮግራሞችን ኮምፓይል ማድረግ፣ በአንድ ማሽን ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖችን ማስኬድም እንደዚሁ ነው። በአንጻሩ አውቶካድ ላይ መሥመር ማስመርና ስኬችአፕ ላይ ሞዴል ማዞር በዋናነት በአንድ ኮር የሚሠሩ ናቸው፤ ሁለተኛውን ፕሮሰሰር ሥራ አያስይዙትም። ሉሚዮንና ኤንስኬፕ ደግሞ ሸክማቸው ያለው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። ሥራው በሙሉ በሉሚዮን የሆነ አርክቴክት ለራይዘር ያሰበውን ብር ለተሻለ ግራፊክስ ካርድ ቢያውለው ይሻለዋል።

መፈተሻው ቀላል ነው። ዘወትር የሚያስጠብቃችሁን ከባድ ሥራ አስጀምሩና ታስክ ማኔጀርን ክፈቱ። ፐርፎርማንስ ከሚለው ገጽ ሲፒዩ የሚለውን መርጣችሁ፣ ግራፉ ላይ በቀኝ አዝራር ተጫኑና እያንዳንዱ ሎጂካል ፕሮሰሰር ለየብቻው እንዲታይ አድርጉ። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ሁሉም ሣጥኖች ሞልተው ከቆዩ ሁለተኛው ፕሮሰሰር ዋጋ አለው። አንድ ወይም ሁለት ሣጥን ብቻ ሞልቶ ሌሎቹ ባዶ ከሆኑ እዚሁ አቁሙ።

መካከለኛ መንገድም አለ። ብዙ ያገለገሉ ዜድ620ዎች ደካማ ፕሮሰሰር ይዘው ነው የሚሸጡት፤ ለምሳሌ ዚዮን ኢ5-2609፣ 4 ኮር ብቻ ያለው፣ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ ያለ ሃይፐርትሬዲንግና ያለ ተርቦ። ይህን አውጥቶ ባለ 10 ኮሩን ኢ5-2680 ቪ2 በቦታው ማስቀመጥ ራይዘርም ተጨማሪ ራምም ሳይጠይቅ ማሽኑን ሌላ ማሽን ያደርገዋል። ማዘርቦርዱ የሚቀበለው ከሆነ፣ ለብዙ ሰው በመጀመሪያ ይህን እንዲያደርግና ካልበቃው ብቻ ወደ ሁለተኛው ፕሮሰሰር እንዲሄድ እመክራለሁ። መቀበሉን የሚነግረን ቀጣዩ ደረጃ ነው።

ደረጃ 2፦ የቡት ብሎኩን ቀን አንብቡ

ኢንቴል ኢ5-2600 የሚባለውን የፕሮሰሰር ቤተሰብ ያወጣው በመጋቢት 2012፣ ሁለተኛውን ትውልድ፣ ማለትም ቪ2 የሚለውን፣ በመስከረም 2013 ነው (ሁለቱም በፈረንጆቹ አቆጣጠር)። ሶኬታቸው አንድ ዓይነት ነው፤ 2011 መገናኛ ነጥቦች ያሉት ኤልጂኤ 2011። ሶኬቱ ገጠመ ማለት ግን ማሽኑ ይነሣል ማለት አይደለም። ቀደም ብለው የተሠሩት የዜድ620 ማዘርቦርዶች ቪ2ን ጨርሶ አያውቁትም።

ማሽኑን አብሩና ኤፍ10ን ደጋግማችሁ ተጫኑ። ፋይል ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚለውን ክፈቱና ቡት ብሎክ ዴት ከሚለው ጎን የተጻፈውን ቀን ፈልጉ። አጻጻፉ ወርን አስቀድሞ ነው። 12/28/2011 የሚል ከሆነ የመጀመሪያውን ትውልድ ብቻ ነው የምትገዙት። 03/06/2013 የሚል ከሆነ ሁለቱም ትውልዶች ይሠሩላችኋል። ይህ ቀን ባዮስ በማዘመን አይለወጥም፤ ቡት ብሎኩ ማዘርቦርዱ ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ክፍል ነው። ባዮስ አዘምነህ ቪ2 ታስነሣለህ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትስሙት። ማሽኑን ገና ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ሻጩ ፊት አስነሥታችሁ ይህን ገጽ እዩ፤ የ2013 ቀን ያለበት ማዘርቦርድ የተሻለ ዋጋ ይገባዋል።

እዚያው ገጽ ላይ የባዮሱን እትምና ያለውን ፕሮሰሰር ቁጥር መዝግቡ። ቪ2 ልታስገቡ ከሆነ አሮጌው ፕሮሰሰር ገና በቦታው ሳለ ባዮሱን ኤችፒ ለዜድ620 ወዳወጣው የመጨረሻ እትም አዘምኑ። በምታዘምኑበት ሰዓት መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ሊበላሽ ስለሚችል ማሽኑ ዩፒኤስ ላይ ካልሆነ አትጀምሩ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህን በነጋታው ማድረግ ዛሬ ከመቸኮል ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ግዢ

ከፕሮሰሰሩ ስም ውስጥ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያ አኃዝ ብዙ ይናገራል። ኢ5-1620 ወይም ኢ5-1650 በ1 ይጀምራል፤ ብቻውን እንዲሠራ የተፈጠረ ነው። ከሌላ ፕሮሰሰር ጋር የሚነጋገርበት ኪውፒአይ የሚባለው መስመር የለውም፤ ስለዚህ ማሽናችሁ ይህ ካለበት እሱም መውጣት አለበት። በ2 የሚጀምሩት፣ ኢ5-26 የሚሉት ሁሉ፣ ለሁለት የተሠሩ ናቸው።

ሁለቱ ፕሮሰሰሮች አንድ ዓይነት ይሁኑ። ቁጥራቸው ብቻ ሳይሆን የብረት ክዳናቸው ላይ በኤስአር የሚጀምረው አምስት ፊደልና አኃዝ ያለው ኮድም ይመሳሰል። ለምሳሌ ኢ5-2670 በሁለት ኮዶች ይገኛል፦ ኤስአር0ኤች8 እና ኤስአር0ኬኤክስ። ሁለተኛው የተስተካከለው እትም ነው፤ የመጀመሪያው ለቨርቹዋል ማሽን ሥራ የሚያስፈልገው ቪቲ-ዲ ላይ ጉድለት ነበረበት። አንዱን ከአንዱ አትቀላቅሉ። በጣም በርካሽ የሚሸጥ ፕሮሰሰር ክዳኑ ላይ ኢንቴል ኮንፊደንሻል የሚል ጽሑፍና በኤስአር ፈንታ በኪው የሚጀምር ኮድ ካለበት ለሙከራ የተሠራ ናሙና ነው። ባዮሱ ላያውቀው ይችላልና ተውት።

የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ቡት ብሎኩ የ2013 ከሆነ ሁለት ኢ5-2650 ቪ2፤ እያንዳንዱ 8 ኮር፣ 2.6 ጊጋኸርዝ፣ 95 ዋት። ድምፁም ሙቀቱም ይቻላል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሁለት ኢ5-2670 ቪ2 (10 ኮር፣ 2.5 ጊጋኸርዝ፣ 115 ዋት) ወይም ኢ5-2680 ቪ2 (10 ኮር፣ 2.8 ጊጋኸርዝ፣ 115 ዋት) ይያዝ። ቡት ብሎኩ የ2011 ከሆነ ኢ5-2670 ጥሩ ነው፤ 8 ኮር፣ 2.6 ጊጋኸርዝ፣ 115 ዋት። ከ115 ዋት በላይ የሚያወጡትን እኔ አልመክርም፤ የራይዘሩ ማቀዝቀዣ ጠባብ ቦታ ላይ ነው የተቀመጠው።

ራይዘሩን ስትገዙ ለዜድ620 የተሠራ መሆኑን፣ ሂትሲንኩና ፋኖቹም አብረው መኖራቸውን አረጋግጡ። ባዶ ቦርድ ገዝቶ ማቀዝቀዣ ለብቻው ማደን አድካሚ ነው፤ ወጪውም ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ሶኬቱን በስልክ መብራት ከጎን እያበራችሁ ተመልከቱ። በዚህ የሶኬት ዓይነት ቀጫጭኖቹ ፒኖች ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ሳይሆን ሶኬቱ ላይ ነው። ብርሃኑ በረድፎቹ ላይ እኩል ካላንጸባረቀ የታጠፈ ፒን አለ። እንዲህ ያለውን ራይዘር በቅናሽም ቢሆን አትውሰዱ። ሶኬቱ የፕላስቲክ መሸፈኛ ከሌለው ደግሞ እስከ ቤት በምን እንደሚጓዝ አስቡ፤ አንድ የጣት ንክኪ ይበቃዋል።

ራሙ ዲዲአር3 ነው። ስቲከሩ ላይ ፒሲ3-12800 ከሚለው ቁጥር ቀጥሎ አር የሚል ፊደል ካለ ሬጂስተርድ ነው፤ ኢ የሚል ከሆነ ኢሲሲ ያለው ነገር ግን ሬጂስተርድ ያልሆነ ነው። ሁለቱን በአንድ ማሽን ውስጥ መቀላቀል አይቻልም። አሁን በውስጡ ያለው የትኛው እንደሆነ አንብባችሁ ያንኑ ዓይነት ግዙ። ከዚህ ሌላ የሚያስፈልጉት ተርማል ፔስት፣ ከፋርማሲ የሚገኝ አልኮል (ጥንካሬው በጨመረ መጠን ይሻላል)፣ ቶርክስ ቲ15 ካቻቢቴና ሲአር2032 የሚባለው ክብ ባትሪ ናቸው። ይህን ያህል ዓመት ያገለገለ ማሽን የባዮስ ባትሪው መዳከሙ አይቀርምና እግረ መንገዳችሁን ቀይሩት።

ደረጃ 4፦ ኃይልና ሙቀት

የዜድ620 ፓወር ሰፕላይ 800 ዋት ነው፤ ሁለት ባለ 95 ወይም ባለ 115 ዋት ፕሮሰሰርና አንድ መካከለኛ ግራፊክስ ካርድ ያለ ጭንቀት ይችላል። የሚቸገረው ዩፒኤሱ ነው። 650 ቪኤ የተጻፈበት ዩፒኤስ አብዛኛውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው የሚሸከመው። ሁለት ፕሮሰሰሮች ሙሉ በሙሉ ሬንደር ላይ ሳሉ፣ ግራፊክስ ካርዱና ሞኒተሩ ሲጨመሩ፣ ይህን ጣራ መንካት ቀላል ነው። መብራት በጠፋበት ቅጽበት ዩፒኤሱ ሸክሙን ሳይችል ቀርቶ አብሮ ከጠፋ የሌሊቱ ሬንደር ሁሉ ከንቱ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ የዩፒኤሳችሁን ቪኤ ሳይሆን ዋቱን አንብቡ።

የከፍታው ጉዳይ እኛን በቀጥታ ይመለከታል። ከባሕር ወለል ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ከሂትሲንኩ የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። ኤችፒ ለእነዚህ ማሽኖች ያስቀመጠው የክፍል ሙቀት ጣራ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ ከ1,524 ሜትር በላይ በየ305 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ባለ የአዲስ አበባ ቢሮ ጣራው ወደ 32 ይወርዳል። በአዳማ ወይም በድሬዳዋ ከፍታው ያነሰ ቢሆንም የክፍሉ ሙቀት ራሱ ፈተና ነው። ማሽኑን ከግድግዳ አርቁት፣ ጠረጴዛ ሥር ካለ ዝግ ሣጥን አውጡት፣ የፊትና የኋላ መተንፈሻውን ክፍት አድርጉለት።

ደረጃ 5፦ መክፈትና ማጽዳት

ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ የኃይል ገመዱን ከጀርባው ንቀሉ፣ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት እስክትጠፋ ቆዩ። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሚሆን ሰውነት ላይ የሚጠራቀመው ስታቲክ ይበረታል፤ ምንጣፍ ላይ አትሥሩ፣ ሹራብ አውልቁ፣ ዕቃ ከማንሣታችሁ በፊት ቀለም ያልተቀባውን የኬዙን ብረት ንኩ።

የጎኑን ክዳን ስታወጡ ውስጠኛውን ፊቱን ፎቶ አንሡት። ራሙ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚገባ የሚያሳይ ሥዕል ተለጥፎበታል፤ በደረጃ 8 ትፈልጉታላችሁ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽና በአየር አውጡ፤ አየር ስትነፉ ፋኖቹ እንዳይሽከረከሩ በጣት ያዟቸው።

ደረጃ 6፦ ሁለቱንም ፕሮሰሰሮች በየተራ በዋናው ሶኬት ሞክሩ

ይህን ብዙ መመሪያ አይለውም፤ እኔ ግን ሳይደረግ እንዲታለፍ አልፈልግም። ሁለት ያገለገሉ ፕሮሰሰሮች፣ ያገለገለ ራይዘርና ያገለገለ ራም በአንድ ጊዜ ገጥማችሁ ማሽኑ ካልተነሣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት አትችሉም። አንዱን ፕሮሰሰር ማዘርቦርዱ ላይ አስገቡ፣ አስነሡ፣ ኤፍ10 ውስጥ ስሙን እዩ፣ አጥፉ፣ ሁለተኛውንም በዚያው ቦታ እንዲሁ አድርጉ። የሚባክነው ትንሽ ፔስትና ጊዜ ብቻ ነው። አንደኛው ካልተነሣ ገና ከሻጩ ጋር ለመነጋገር ጊዜ አላችሁ።

አሮጌውን ለማውጣት የሂትሲንኩን የፋን ገመድ ንቀሉና አራቱን ብሎኖች በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ጥቂት ጥቂት እያላላችሁ ፍቱ። ሂትሲንኩ ከተጣበቀ በቀጥታ አትሳቡት፤ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ግራና ቀኝ ስታዞሩት ይለቃል። ማሽኑን ከመክፈታችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ አሠርታችሁት ከነበረ ፔስቱ ስለሚለሰልስ ይቀላል።

ሶኬቱ ሁለት ዘንጎች አሉት። መጀመሪያ የሚከፈተው የትኛው እንደሆነ ብረቱ ላይ ምልክት አለ፤ ሲዘጋ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ሁለቱን ዘንጎች አንሥታችሁ የብረቱን ማቀፊያ ክፈቱ። ፕሮሰሰሩን በጠርዙ ብቻ ይዛችሁ ወደ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አውጡ። አዲሱን ስታስገቡ ጥግ ላይ ያለችውን ወርቃማ ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር አገናኙ፣ የጎኑን ቁርጦች አመሳክሩ፣ ከዚያ ልቀቁት። በራሱ ክብደት ይቀመጣል። መጫን፣ ማንሸራተት፣ እዚያው ላይ እያለ ማስተካከል ፒን ያጥፋል፤ ካልገጠመ አንሥታችሁ እንደ ገና ጀምሩ። ዘንጎቹን ስትዘጉ ግን ጠንከር ያለ ግፊት ይጠይቃል፤ ያ የሚጠበቅ ነው።

የፕሮሰሰሩን ክዳንና የሂትሲንኩን ፊት ብናኝ በማይተው ጨርቅና በአልኮል አሮጌው ፔስት ፈጽሞ እስኪለቅ ጥረጉ። መካከሉ ላይ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል አዲስ ፔስት አድርጉ፤ በጣት አትቀቡት፣ ሂትሲንኩ ሲጫነው ራሱ ይሰፋል። ብሎኖቹን በመስቀለኛ ቅደም ተከተል እያፈራረቃችሁ እስኪቆሙ አጥብቁ። የፋኑን ገመድ መልሳችሁ መሰካታችሁን ሳታዩ አታብሩ።

ደረጃ 7፦ ራይዘሩን ማስገባት

የራይዘሩን ሥራ ጠረጴዛ ላይ፣ ከማሽኑ ውጭ ጨርሱ። ሁለተኛውን ፕሮሰሰር በደረጃ 6 በተባለው መንገድ አስቀምጡ፣ ፔስት አድርጉ፣ ሂትሲንኩን እሰሩ፣ የፋኖቹ ገመድ ራይዘሩ ላይ በየቦታው መሰካቱን እዩ። ራሙንም አሁን አስገቡ፤ ማሽኑ ውስጥ ከገባ በኋላ እጅ ለማስገባት ይጠብባል።

ከዚያ ኬዙን በጎኑ አስተኙት። ማዘርቦርዱ ላይ ለራይዘሩ የተተወውን ረጅም ማስገቢያ ፈልጉ፤ ቦታውን የያዘ ገመድ ወይም የአየር መምሪያ ፕላስቲክ ካለ አንሡ። ማስገቢያው ውስጥ አቧራ እንዳይኖር በአየር አጽዱት። ራይዘሩን በሁለት እጅ፣ ቀጥ ብሎ፣ ሁለቱም ጫፎች እኩል እየወረዱ እንዲገባ አድርጉ። አንዱ ጫፍ ቀድሞ ከገባ አውጥታችሁ ድገሙት። እስከ መጨረሻው ገብቶ መያዣው ሲቆልፍ በእጅ ይሰማል። በከፊል የገባ ራይዘር ማሽኑን ጨርሶ እንዳይነሣ ሊያደርገው ወይም በመሃል በመሃል ምክንያቱን ለማወቅ የሚያስቸግር ብልሽት ሊያመጣ ስለሚችል፣ ከጎን እያያችሁ ጠርዙ ከማስገቢያው ጋር ትይዩ መሆኑን አረጋግጡ።

ደረጃ 8፦ ራሙን አካፍሉ

በእነዚህ ፕሮሰሰሮች ራም የማዘርቦርዱ የጋራ ንብረት አይደለም። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱ አራት የራም መስመሮች አሉት፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ስምንት ማስገቢያዎች የመጀመሪያው፣ ራይዘሩ ላይ ያሉት አራቱ የሁለተኛው ናቸው። ሁለተኛው ፕሮሰሰር የሚፈልገው መረጃ በመጀመሪያው ራም ውስጥ ካለ በኪውፒአይ መስመር ተሻግሮ ማምጣት አለበት፤ ያ ደግሞ ከራሱ ራም ከማንበብ የዘገየ ነው። ራሙን በሙሉ ማዘርቦርዱ ላይ ትቶ ራይዘሩ ላይ አንዲት ካርድ ብቻ ማስገባት የሁለተኛውን ፕሮሰሰር ኮሮች መረጃ ሲጠብቁ እንዲውሉ ያደርጋል። ብዙዎች ጨመርኩ ግን ለውጡ ትንሽ ነው ሲሉ እኔ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

ጥሩው ድልድል ስምንት እኩል ካርዶች ነው። 64 ጊጋባይት ብትፈልጉ ስምንት ባለ 8 ጊጋባይት ካርድ ያዙ፤ አራቱን ራይዘሩ ላይ፣ አራቱን ማዘርቦርዱ ላይ። ማዘርቦርዱ ላይ በየመስመሩ አንድ አንድ እንዲገባ፣ ከክዳኑ ላይ ያነሣችሁትን ፎቶ ተከተሉ። ስምንት ካልተገኘ አራት ካርድ ሁለት ሁለት ሆኖ ይካፈል።

ደረጃ 9፦ የመጀመሪያው ማስነሳት

ክዳኑን ሳትዘጉ አትሞክሩት፤ የአየሩ ፍሰት የተሰላው ክዳኑ ተዘግቶ ነው። ገመዱን ሰክታችሁ አብሩ። ምስል እስኪመጣ ከወትሮው ይዘገያል፤ ሁለት ፕሮሰሰርና ተጨማሪ ራም እየፈተሸ ነው።

ካልተነሣ የማብሪያው መብራት በቀይ ብልጭ እያለ ማሽኑ በዚያው ቁጥር ልክ ይጮኻል። ሁለት ጊዜ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ሞቆ ማሽኑ ራሱን አጥፍቷል፤ ፋኑንና ሂትሲንኩን ተመልከቱ። ሦስት ጊዜ ፕሮሰሰር አላገኘሁም ማለት ነው። አራት የኃይል ችግር፣ አምስት የራም፣ ስድስት የግራፊክስ ካርድ፣ ሰባት የማዘርቦርድ፣ ስምንት የባዮስ ነው። ከራይዘር በኋላ የሚጠበቀው አምስቱ ነው፤ የራም ካርዶቹን አውጥታችሁ መልሱ፣ ዓይነታቸው አለመቀላቀሉን እዩ፣ ከዚያም ራይዘሩን አውጥታችሁ በአንዱ ፕሮሰሰር ብቻ አስነሡ። በአንዱ ተነሥቶ በሁለት ካልተነሣ፣ ደረጃ 6ን ሠርታችሁ ስለነበር ፕሮሰሰሮቹ ደህና መሆናቸውን ታውቃላችሁ፤ የቀረው ራይዘሩ፣ አቀማመጡ ወይም የእሱ ራም ነው።

ደረጃ 10፦ ሶፍትዌሩና ፈተናው

ዊንዶውስ 10 ሆም አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ነው የሚጠቀመው። ባዮሱ ሁለቱንም እያሳየ ዊንዶውሱ አንዱን ብቻ ካሳየ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ፕሮ ያስፈልጋችኋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ እነዚህን ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። ሥራው ብሌንደር ወይም ኮምፓይል ለሆነ ሰው ኡቡንቱ የተሻለ መኖሪያ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሁለት ፕሮሰሰር ያለ ምንም የፈቃድ ጥያቄ ይይዛል። ዊንዶውስ ላይ የግድ መቆየት ያለበት፣ ለምሳሌ ቪሬይን በስሪዲኤስ ማክስ የሚጠቀም፣ ማሽኑን ከኢሜይልና ከኢንተርኔት ለይቶ ለሬንደር ብቻ ቢያውለው ይመረጣል።

ታስክ ማኔጀር ውስጥ ሶኬትስ ከሚለው ጎን 2 ሊል ይገባል። ሁለት ኢ5-2650 ቪ2 ከሆኑ ሎጂካል ፕሮሰሰሮቹ 32፣ ባለ 10 ኮሮቹ ከሆኑ 40 ናቸው። የራሙ ድምር ካስገባችሁት ካነሰ አንድ ካርድ በደንብ አልገባም።

ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሜምቴስት86 አስኪዱ፤ አንድም ስህተት ካሳየ ካርዶቹን በየተራ እያወጣችሁ ጥፋተኛውን ለዩ። በማግሥቱ ኤችደብልዩኢንፎን ከፍታችሁ እውነተኛ ሥራችሁን፣ በደረጃ 1 የፈተሻችሁትን ያንኑ ፋይል፣ ሬንደር አድርጉና የሁለቱንም ፕሮሰሰሮች ሙቀት ተከታተሉ። ራይዘሩ ላይ ያለው በጥቂት ዲግሪ ቢበልጥ አይግረማችሁ። ከ85 ዲግሪ በላይ እየወጣ ከቆየ ግን ሥራውን አቁሙና ፔስቱንና የብሎኖቹን ጥብቀት እንደ ገና እዩ። የወሰደውን ጊዜም ከቀድሞው ጋር አስተያዩ፤ ሬንደር ኢንጂኑ ውስጥ የትሬድ ብዛት በእጅ ተወስኖ ከነበረ ወደ አውቶማቲክ መልሱት፣ አለዚያ አዲሶቹን ኮሮች ሳይነካቸው ይቀራል።

የወጣውን አሮጌ ፕሮሰሰር ወርቃማ ፊቱን ሳትነኩ ጠንካራ ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት። ማሽኑ ጥቂት ሳምንት ያለ ችግር ከሠራ በኋላ ሊሸጥ ይችላል፤ እስከዚያ ግን ወደ ኋላ መመለስ ቢያስፈልግ ማሽኑን የሚያስነሣው እሱ ነው።